የእንጨት ግድግዳ በብረት ስለ መያያዙ

ሰው አዲስ ቤት ሠርቶ ባስመረቀ ጊዜ፤ ሊመርቅ የመጣው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የጣራውን ቆርቆሮ፤ የበሩንና የመስኮቱን ቀለም፤ የግድግዳውንም ልስላሴ ነው። ቆርቆሮው አብረቅርቆ ቀለሙም አምሮ ከተገኘ ቤቱ መልካም ነው ይባላል፤ ባለቤቱም ይመሰገናል። ነገር ግን ቋሚው ከመሠረቱ ጋር፤ ወራጁም ከግድግዳው ራስ ጋር በምን እንደ ተያያዘ የሚጠይቅ እንግዳ አይገኝም። በጭንቅ ቀን ቤቱን የሚያቆመው ወይም የሚጥለው ይኸው ማንም የማይጠይቀው መያዣ ነው። በ2017 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ የደረሰው የምድር መናወጥም ይህን ጉዳይ ከሹማምንትና ከካህናት ፊት ሊያቀርበው ይገባል።

በዚያ ዓመት ከመስከረም ወር ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው ያለው ምድር ሲናወጥ ከርሞ፤ ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት መጠኑ 5.7 የሆነ፤ የካቲት 7 ቀን ሌሊት ደግሞ መጠኑ 6 የደረሰ መናወጥ ሆነ። ንዝረቱ በአዲስ አበባ በፎቅ ቤት ያደሩትን ከእንቅልፋቸው አስነሣ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ግን መኖሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ተሰነጣጠቁ፤ የፈረሱም አሉ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ቀዬውን ለቆ ወጣ። ይህ ለአገሪቱ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ነሐሴ 19 ቀን በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ በኩል በተነሣው ማጀቴ ፈርሳለች፤ በ1961 ዓ.ም. መጋቢት 20 ቀን ሰርዶ ወድማለች። በስምጥ ሸለቆና በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ዛሬ ከዚያን ጊዜው በብዙ እጥፍ ስለ በዛ፤ ያን ጊዜ በባዶ ሜዳ ላይ ያለፈው መናወጥ ዛሬ በከተማ ላይ ሊያልፍ ነው።

በኢትዮጵያ ካሉት ቤቶች የሚበዙት ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነው። ይህን የሚያይ ሰው፤ እንጨት ደካማ ስለሆነ ከእንግዲህ የድንጋይ ቤት ብቻ ይሠራ ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ግን የተሳሳተ ነው። እንጨት ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ብርቱ ነው፤ ሲገፉት ጎንበስ ብሎ ይመለሳል፤ በጭቃ የተካበና ብረት ያልገባበት የድንጋይ ግድግዳ ግን ጎንበስ ማለትን ስለማያውቅ በአንድ ጊዜ ይናዳል፤ በወደቀም ጊዜ ከሥሩ ያለውን አይምርም። የእንጨት ቤት ጉድለት የሚገኘው እንጨትና እንጨት፤ እንጨትና ድንጋይ በሚገናኙበት ስፍራ ነው።

የቀድሞው ሰው ቤቱን ሲሠራ፤ ቋሚዎቹን በጥልቅ በተቆፈረ ጉድጓድ ተክሎ፤ ዙሪያቸውን በድንጋይ ጠቅጥቆ፤ ማገሩን በልጥና በጠፍር አስሮ ነበር። ያን ጊዜ ቤቱን ከምድር ጋር የሚያይዘው ምድሩ ራሱ ነው። የተቀበረው እግር እንደ ዛፍ ሥር ሆኖ፤ ነፋስ ቢገፋው እንዳይነቀል፤ ምድር ቢናወጥ እንዳይንሸራተት ይይዘው ነበር። ይሁን እንጂ የተቀበረ እግር በምስጥና በእርጥበት ይበላል። ጽድ እየጠፋ ባሕር ዛፍ ከተተካ ወዲህ ደግሞ ጥቂት ክረምት ሳያልፍ እግሩ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ግድግዳ ቆሞ የሚታየው በጭቃው ድርቀትና በጎረቤቱ ግድግዳ ድጋፍ ነው። ስለዚህ የሚችለው ሰው ቋሚውን ከመሬት አውጥቶ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ ማቆም ጀመረ። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ ምስጡም እርጥበቱም ይርቃል። ነገር ግን ቋሚው ከመሬት በወጣ ጊዜ የመሬቱን መያዣ ትቶ ወጣ፤ በመያዣው ፈንታ ግን የተተካ ነገር የለም። በወንጌል በዓለት ላይ ስለ ተሠራው ቤት የተነገረውን ምሳሌ ካህናት ለሕዝቡ ዘወትር ያስተምራሉ፤ በዓለት ላይ የተቀመጠ ቤትም ከዓለቱ ጋር ካልተያያዘ፤ በገበታ ላይ እንደ ተቀመጠ ጽዋ ነው።

ቤት በዘመኑ ሁሉ የሚሸከመው ሸክም ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ጣራው በግድግዳው፤ ግድግዳው በመሠረቱ ላይ ይጫናል። አናጢውም ይህን ብቻ እያሰበ ይሠራል፤ ሸክሙ ራሱ ዕቃውን ስለሚያጣብቀው ለማያያዝ አይጨነቅም። ምድር ሲናወጥ ወይም ዐውሎ ነፋስ ሲመታ ግን ኃይሉ ከጎን ይመጣል። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው፤ በቅሎይቱ በድንገት ስትፈናጠር እግሩ አብሯት ሲሄድ አካሉ ወደ ኋላ እንደሚቀር፤ እንዲሁ የቤቱ እግር ከምድር ጋር ሲሄድ የጣራው ክብደት በነበረበት ሊቀር ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ግድግዳው በሦስት መንገድ ይፈተናል። በመጀመሪያ ከመሠረቱ ላይ ሊንሸራተት ይሞክራል። ሁለተኛ አራት ማዕዘኑ ተዛብቶ ወደ አንድ ወገን ሊያጋድል ይሞክራል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ ይኸውም ከተገፋበት ወገን ያለው የግድግዳ ጫፍ ወደ ላይ ሊነሣ ይሞክራል፤ ከአንድ ጫፉ የተገፋ ሣጥን በሌላው ጫፉ ተደግፎ እንደሚነሣ ማለት ነው። ቤት ወደ ላይ ይነሣል ቢሉት ሰው ይሥቃል፤ የምድር መናወጥ የመታቸውን የእንጨት ቤቶች የመረመሩ መሐንዲሶች ግን ቋሚዎች ከእግራቸው ተነቅለው ማየታቸውን ጽፈዋል።

እዚህ ላይ አናጢው፤ ምስማር መትቼበታለሁ ይላል። ምስማሩ ግን በምን አኳኋን እንደ ገባ ማስተዋል ያስፈልጋል። በግድግዳው እግር በተጋደመው እንጨት በኩል አልፎ ወደ ቋሚው ጫፍ የተመታ ምስማር የሚገባው ከእንጨቱ ጭረት ጋር ትይዩ ሆኖ ነው። እንዲህ የገባ ምስማር ወደ ላይ ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንደ ገባ ቢላዋ ይወጣል፤ የአሜሪካ የእንጨት ሥራ መመሪያም በእንዲህ ያለው ምስማር የመሳብ ኃይል ላይ መተማመንን ጨርሶ ይከለክላል። በእንጨቱ ጎን፤ ጭረቱን አቋርጦ የገባ ምስማር ግን ከጎን በሚመጣበት ኃይል ላይ እጅግ ብርቱ ነው፤ ለመውጣት አስቀድሞ ራሱ መታጠፍ ወይም እንጨቱን መሰንጠቅ አለበትና። የብረት ማሰሪያ ምሥጢሩ በሙሉ ይህ ነው። ጠፍጣፋው ብረት ከታች ከመሠረቱ ወይም ከአግዳሚው ተያይዞ ወደ ቋሚው ጎን ይወጣል፤ ምስማሮቹም በቋሚው ጎን ይመታሉ። እንግዲህ ግድግዳው ሊነሣ ሲል ምስማሮቹን በርዝመታቸው ሊስባቸው አይችልም፤ ሁሉንም በአንድነት በአግድም መስበር ይኖርበታል። ምስማሩ ያው የቀድሞው ምስማር ሆኖ ሳለ፤ ብረቱ የኃይሉን አቅጣጫ ለውጦ ደካማውን ብርቱ ያደርገዋል።

ግድግዳን ማሰር ለኢትዮጵያ አዲስ ትምህርት አይደለም። የአክሱም ዘመን ግንበኞች በድንጋዩ ካብ መካከል በየደረጃው ረጃጅም እንጨት እያጋደሙ፤ ያንም ግድግዳውን አቋርጠው በሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ይቆልፉት ነበር። ወደ ውጭ የወጣው የእንጨቱ ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ይባላል፤ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይታያል። በአክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ የተቀረጸውን አይቶ ጌጥ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ መነሻው ግን ካብና እንጨትን ማያያዣ ነበር።

የእንጨት ሥራን ጥበብ ከሌላው አብልጦ ያከበረ አገር ቢኖር ጃፓን ነው። የጃፓን አናጢዎች የእንጨቱን ምላስ ከእንጨቱ ጉድጓድ አግጥመው ያለ ምስማር ቤተ መቅደስ እስከ መሥራት የደረሱ ናቸው፤ በዚህም ይመኩ ነበር። ይሁን እንጂ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ንጋት ላይ በኮቤ ከተማ በደረሰው መናወጥ ከ6,400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ተኝተው ሳሉ ያረጁ የእንጨት ቤቶች የወደቁባቸው ናቸው። ጣራው ከባድ የሸክላ ክዳን ነበር፤ ከክዳኑ በታችም ብዙ ጊዜ ጭቃ ይነጠፍ ነበር። ፍርስራሹ በተመረመረ ጊዜ፤ ወደ ታች ለሚመጣው ሸክም የማይበገረው ምላስ ወደ ላይ በተሳበ ጊዜ ከጉድጓዱ ተመዞ መውጣቱ ታየ።

የጃፓን መንግሥት ከዚህ ተምሮ በ2000 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሕንፃ ደንቡን አሻሻለ፤ ኃይል በሚሸከም ግድግዳ ዳርና ዳር ያለው ቋሚ ከላይና ከታች በምን ዓይነት ብረት መያያዝ እንዳለበት እንደ ግድግዳው ብርታት ለይቶ አዘዘ። የደንቡ ፈተና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኩማሞቶ መጣ። በማሺኪ ከተማ ጽኑ መናወጥ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያም ቤቶቹ በተቈጠሩ ጊዜ፤ በከተማይቱ መካከል ከ1981 በፊት ከተሠሩት የእንጨት ቤቶች ከመቶው 28 ያህሉ ሲወድቁ፤ ከ1981 እስከ 2000 ከተሠሩት ከመቶው 9 ያህሉ፤ ከ2000 ወዲህ ከተሠሩት ግን ከመቶው 2 ያህሉ ብቻ ወድቀው ተገኙ። ልዩነቱ ሁሉ የብረቱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዕድሜም አለበት፤ አዲሱ ደንብ የግድግዳዎቹንም አቀማመጥ አስተካክሏል። ሆኖም በጥበባቸው የሚመኩ አናጢዎች ያሉበት አገር ምላስና ጉድጓድ ብቻውን አይበቃም ብሎ ብረት ካዘዘ፤ ሁለት ምስማር አጋድሞ መትቶ የሚሄድ አናጢ ምን ሊመልስ ይችላል?

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ደግሞ ከመሠረታቸው ጋር ሳይታሰሩ የተሠሩ አሮጌ የእንጨት ቤቶች በመናወጥ ጊዜ ከመሠረታቸው እየተንሸራተቱ ስለ ወደቁ፤ ባለቤቶቹ በብሎን እንዲያስሯቸው የገንዘብ ርዳታ ሲሰጥ ቆይቷል።

ሥራው እንዴት እንደሚሆን በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። የመሠረቱ ሲሚንቶ ሳይደርቅ፤ ወፍራምነቱ 13 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ብሎን 18 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ራሱ ወደ ላይ ብቅ እንዲል ይተከላል። በአሜሪካ ደንብ በአንዱና በሁለተኛው ብሎን መካከል ከ1 ሜትር ከ80 ርቀት መብለጥ የለበትም፤ ከየአግዳሚውም ጫፍ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ መኖር አለበት። የእግሩ አግዳሚ ተበስቶ በብሎኑ ላይ ይቀመጥና በዳዶ ይጠብቃል፤ ከዳዶው በታች የሚገባው ጠፍጣፋ ብረትም ሰፊ መሆን ይገባዋል፤ በመናወጥ አገር በየጎኑ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል እንዲሆን የታዘዘው፤ ጠባብ ከሆነ እንጨቱ ተሰንጥቆ ዳዶው አልፎት ስለሚሄድ ነው። ይህ መንሸራተትን ይከለክላል። መነሣትን የሚከለክለው ሌላው ብረት ነው፤ እርሱም በግድግዳው ሁለት ጫፍና በበር ዳርቻ ባለው ቋሚ ጎን ወጥቶ፤ የተበሳበት ቀዳዳ ሁሉ አንድም ሳይቀር በምስማር ይሞላል። ከስምንት ቀዳዳ ሦስቱን መትቶ ብረቱ ያዘ የሚል ሠራተኛ፤ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ከሲሶ ጥቂት ብቻ ጨምሮ ወስዶ ዳንሁ እንደሚል በሽተኛ ነው። በላይ በኩል ደግሞ ወራጁ ከግድግዳው ራስ ጋር በታጠፈ ብረት ይያያዛል፤ ይህ ለመናወጥ ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የትምህርት ቤት ጣራ ለሚገነጥለው ዐውሎ ነፋስም መድኃኒት ነው።

ሦስት ነገሮች ግን ሊጤኑ ይገባል። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከታሰረ ሲደርቅ ይኮማተራልና ዳዶው ይላላል፤ ስለዚህ ወይ አስቀድሞ ማድረቅ፤ ወይም ከወራት በኋላ ተመልሶ ማጥበቅ ያሻል። ክብ እንጨት ላይም ጠፍጣፋ ብረት አይቀመጥም፤ ብረቱ የሚያርፍበት ጎን በመጥረቢያ መስተካከል አለበት። ከጣራ የተረፈ የቆርቆሮ ቁራጭም ለዚህ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ ከምስማሩ ሥር ይቀደዳል፤ ወፈር ያለና ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ያስፈልጋል።

ከዚህም ሁሉ በላይ፤ ብረት ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ቋሚና ማገር የሚሠሩት አራት ማዕዘን ነው፤ አራት ማዕዘንም ሲገፋ ይዛባል። ጭቃው ደረቅ ሳለ ይደግፈዋል፤ ከተሰነጠቀ በኋላ ግን ድጋፉ ይቀራል። በየማዕዘኑ በሰያፍ የተጋደመ እንጨት ሲገባበት አራት ማዕዘኑ በሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፈላል፤ ሦስት ማዕዘንም አይዛባም። ሰያፍ የሌለውን ግድግዳ በብረት ማሰር፤ እግሩ ታስሮ ወገቡ የተሰበረ ቤት ማቆም ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ወጪው ነው። ድሀ ቆርቆሮ መግዣ አጥቶ ሳለ ብሎንና ላሜራ ከየት ያመጣል ይባላል። እውነት ነው፤ ዛሬ በጎጆው ያለውን ድሀ በደንብ ማስጨነቅ አይገባም፤ ደንቡም ቢወጣ በወረቀት ላይ ይቀራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፤ ባለ አንድ ደርቡን ትንሽ ቤት በመጀመሪያውና ቀላሉ ምርመራ በሚደረግበት ምድብ ያስቀመጠው ይህን አስቦ ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት የቤት ዓይነት መሐንዲስ ጥቂት የሚያየው ሆኖ ቀረ። ሌላው ተቃውሞ ከአንዳንድ ምእመናን የሚሰማው ነው፤ ቤትን የሚጠብቅ እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ብረት ምን ይጨምራል ይላሉ። ኖኅ ግን በእግዚአብሔር ቃል ታምኖ መርከቡን ሲሠራ ቅጥራኑን አላስቀረም።

ስለዚህ መጀመር የሚገባው ገንዘቡ የሕዝብ ከሆነበት ሕንፃ ነው። ወረዳው የሚያሠራው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፤ ደብሩ የሚያሠራው የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፤ የአብነት ተማሪዎች የሚያድሩበት ቤት፤ እነዚህ በውስጣቸው ብዙ ነፍስ በአንድ ጊዜ የሚሰበሰብባቸው ናቸው፤ ሥራቸውንም የሚያዝዝ የታወቀ ሰው አለ። በካሊፎርኒያ በ1933 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) መጋቢት 10 ቀን በሎንግ ቢች የደረሰው መናወጥ ብዙ ትምህርት ቤቶችን አፈረሰ፤ ሰዓቱ ከምሽቱ ሊሆን የተቃረበ ስለ ነበረ ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደው ተረፉ። የግዛቱ መንግሥት ሁለተኛ ዕድል ሳይጠብቅ በአንድ ወር ውስጥ የትምህርት ቤት ሥራ በመንግሥት መሐንዲስ እንዲመረመር ሕግ አወጣ፤ የሰው መኖሪያ ቤት ደንብ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተከተለ። በኢትዮጵያም የትምህርት ቤቱ አናጢ ብረት ማያያዝን በአንድ ሥራ ላይ ከተማረው፤ በሚቀጥለው ዓመት የጎረቤቱን ቤት ሲሠራ ያስታውሰዋል፤ ነጋዴውም ዕቃውን በሱቁ ያኖራል፤ የሰፈሩም ብረት ቀጥቃጭ ከላሜራ ቆርጦ ማጠፍን ይለምደዋል።

የመመርመሪያው ጊዜም መወሰን አለበት። ዛሬ ሹም ሕንፃ ሊያይ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ቋሚው፤ ብሎኑ፤ ምስማሩ ሁሉ በጭቃና በልስን ተሸፍኖ፤ ያለውና የሌለው ቤት አንድ መልክ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ለሥራው ተቀባይ ገንዘቡ በየጊዜው ሲከፈል፤ አንደኛው ክፍያ ግድግዳው ከመመረጉ በፊት መሐንዲሱ ወይም የታመነ አናጢ እያንዳንዱን መያዣ አይቶ በፈረመበት ወረቀት ብቻ እንዲወጣ ውል ውስጥ ቢገባ፤ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የደብር አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤም ይህንኑ በራሳቸው ውል ማድረግ ይችላሉ። ምእመናን ጭቃ ሊያቦኩ፤ ጭድ ተሸክመው የሚመጡበት ቀን ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ፤ አስተዳዳሪው ከአናጢው ጋር በግድግዳው ዙሪያ ይዙር፤ በየማዕዘኑ ቆሞ ዳዶውን በእጁ ይሞክር፤ ባዶ የቀሩትን ቀዳዳዎች ይቍጠር፤ የቀረ ካለ ምርጊቱ ለሌላ ቀን ይተላለፍ።